ያልተመዘገበው ወጪ



እንጀራ ጋግረን የምንሸጥ አባላት የከሰልና የማገዶ ወጪያችንን በየወሩ እንመዘግባለን። ጭሱን ግን መዝግበነው አናውቅም። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ፣ በጭሱ የወጣው ካርቦን አየር ላይ ይቀራል። እንጨቱ በአፈር ተዳፍኖ ሲከስልም አብዛኛው ኃይሉ ይባክናል።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስንጋግር የምንለቀው ካርቦን እጅግ ጥቂት ነው።

የምጣዱን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ከቁጠባችን ለምጣድ መግዣ ብድር እንጀምር፤ ለማገዶ ይወጣ የነበረው ብር ዕዳውን ይክፈል። አከራይዋ ምጣድ የከለከሏትን እህት ግን አንርሳ፤ ለእርሷ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እናስቀድም።