በማደንዘዣ ሰዓት ልብን ማን ይጠብቃል?

አቅራቢ፦ የሐሙሲትና የአካባቢዋ አድማጮቻችን፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ለቀዶ ሕክምና የሚሄድ ሰው አብዝቶ የሚፈራው ምላጩን ነው። ማደንዘዣውም ግን የደም ግፊትን አውርዶ ልብን ሊፈትን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሻን የልብ ደም ሥር ለ5 ደቂቃ ዘግተው ከፈቱ፤ ይህንኑ 4 ጊዜ ደጋገሙ። ከዚያ ለ40 ደቂቃ ሲዘጉት፣ አስቀድሞ የተፈተነው ልብ ጉዳት ካልተፈተነው ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ቆየት ብሎ አይሶፍሉሬን የተባለው በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣም በእንስሳት ልብ ላይ ተመሳሳይ ጥበቃ አሳየ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 5400 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ በትንፋሽም ሆነ በደም ሥር ብቻ ማደንዘዣ በወሰዱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞት ልዩነት አላገኘም።

ስለዚህ ዋናው ጠባቂ ንቁ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ጣት ላይ የምትሰካዋን መሣሪያ እያየ የልብ ምትንና ኦክስጅንን፣ በክንድ ማሰሪያው ደግሞ ግፊትን ይከታተላል።

እናንተም አግዙት። ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ በልጅነት መገጣጠሚያችሁ አብጦ ከነበረ (ልብን የሚጎዳ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና) ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ሳትደብቁ ንገሩት። በተለይ እርጉዝ እናቶች፣ አደራ!