«የወፍ በሽታ» ስለምንለውና ስለ ጉበት ጤንነት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሙያው ነርስ የሆነ አንድ አባል ያደረገው ንግግር)





ስለ ጉበት በሽታ ጥቂት ቃል እንድናገር ኮሚቴው ሲጠይቀኝ በደስታ ተቀብያለሁ። ዕድራችን የተቋቋመው ሞት ሲደርስ እንድንረዳዳ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ነገር ካለ፣ ቢነገር ለቤተሰቡም ለዕድሩም ይበጃል።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። የበላነውን ለሰውነት እንዲስማማ አድርጎ ያዘጋጃል፤ መርዝ ያረክሳል፤ ሐሞት ይሠራል፤ ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ የሚያደርጉ ነገሮችንም ያመርታል። ቻይ ስለሆነ ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ «አመመኝ» አይልም። ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሞተውም በዚሁ ቻይነቱ ምክንያት ነው።

የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» እንላለን። የሌሊት ወፍ ያመጣችው ነው የሚልም አይጠፋም። የሌሊት ወፏ ግን የለችበትም። ቢጫነት የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው፤ ይኸውም ጉበት ሲቆስል፣ የሐሞት መሄጃ ሲዘጋ፣ ወይም እንደ ወባ ባለ በሽታ ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ ይታያል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅጠል ሊኖር አይችልም። «እገሌ ቅጠል ጠጥቶ ዳነ» ሲባል እንሰማለን። ከጉበት በሽታዎች አንዳንዶቹ በሳምንታት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስለሚለቁ፣ ሰውየው የዳነው በራሱ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስደዋል። የታመመ ጉበትን ይበልጥ የሚጎዱ ቅጠሎችም አሉ።

ጉበትን የሚያቆስሉ ሄፓታይተስ የሚባሉ አምስት ዋና ዋና ቫይረሶች ይታወቃሉ። ኤ እና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይለቃሉ፤ ነገር ግን ኢ ነፍሰ ጡርን በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት ሊገድል ይችላል። ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ፤ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜም በብዛት ይተላለፋል። ዲ የሚይዘው ቢ ያለበትን ሰው ብቻ ነው።

አብዝተን ልንፈራቸው የሚገባን ቢ እና ሲ ናቸው። ሰውየው እየሠራ፣ እየዳረና እየኳለ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት በደሙ ተሸክሟቸው ሊኖር ይችላል። በመጨረሻ ጉበቱ ጠባሳ ይሆናል፤ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፤ ወይም የጉበት ካንሰር ይነሣበታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 254 ሚሊዮን ሕዝብ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ ሲ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከበሽታው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከሚሸከሙት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

«ታዲያ መድኃኒት የለውም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለው እንጂ! ሲ እ.ኤ.አ. በ1989 ከታወቀ ወዲህ ሕክምናው ተሻሽሎ፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት በሚወሰድ እንክብል ከመቶ 95 የሚሆኑት ይድናሉ። ቢን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት ባይገኝም፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ቫይረሱን አስሮ ይይዛል። ቢ ያለበት ሁሉ እንክብል አያስፈልገውም፤ ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። ለቢ ክትባትም አለው። በአገራችን ሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተዳምሮ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ እኛ ትልልቆቹ አብዛኞቻችን አልተከተብንም። በተወለደ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በሽታው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመርመር፤ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት እንዲያገኝ ሐኪም ትጠይቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። በጉበት የታመመ ሰው ብርጭቆው ተለይቶ፣ ከመሶብ ርቆ ሲቀመጥ አይተናል። ቢ እና ሲ አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በብርጭቆ፣ በመጨባበጥ ወይም በማሳል አይተላለፉም። የሚተላለፉት ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው በሚዞር ምላጭና መርፌ፣ በዋግምት፣ በንቅሳት፣ በጆሮ መብሳት፣ እንጥል በመቁረጥ ነው። ብርጭቆ እየለየን ምላጭ የምንዋዋስ ከሆነ ጥንቃቄያችን የተገላቢጦሽ ሆኗል ማለት ነው።

አስከሬን የሚያጥቡና የሚገንዙ አባሎቻችንንም ማሰብ ይገባል። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ደም በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ይህ ሲባል በጉበት የሞተው ሰው ክብሩ ይጓደል ማለት አይደለም። ጓንት ይደረግ፣ የእጅ ቁስል ይሸፈን፣ ደም የነካው ዕቃ በበረኪና ይታጠብ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ታጥቦ ተገንዞ ይቀበር።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ጓንትና በረኪና በዕድሩ ወጪ ተገዝቶ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ ለቢ እና ለሲ ደማችንን እንመርመር፤ ነጻ የሆነው ለቢ ይከተብ። በተለይ በቤቱ በጉበት የታመመ ወይም የሞተ ያለበት ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ እኅትና ልጅ አይዘግይ። ሦስተኛ፣ ቫይረሱ ያለበት አረቄና ጠጅ ይተው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም መድኃኒት አያብዛ።

ዕድራችን እስካሁን ያለቀሰውን አብሮ አልቅሷል። ከእንግዲህ ደግሞ ማልቀሱ እንዲቀንስ አብረን ደማችንን እናስመርምር።