ብርሃኑ ለማን ነው? በቤት ስለሚሠራ የባሕር አልጌ መብራት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርእስ ከዓሣ ገንዳ ሥር ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚሰቀል፣ ኃይሉ ከ22 ዋት የማይበልጥ መብራት ነው። ሥራው በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የብርሃን፣ የሙቀት፣ የዝገትና የደኅንነት ጥያቄዎች በአንድነት ይገናኙበታል። ከዚህም በላይ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ተፈትኖ ወደ ቤት ሲገባ፣ በቤት ለተሠራ መሣሪያ ግን ፈታኙም ዋሱም ሠሪው ራሱ ነው። ቤተ ሰቡም መሐንዲሱን አምኖ እጁን ከመብራቱ ሥር ወዳለው ጨው ውሃ ይሰድዳል። ስለዚህ ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ተብሎ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ መብራቱ የሚያገለግለውን ገንዳ ማወቅ ያስፈልጋል። የባሕር ዓሣና ኮራል በቤቱ የሚያኖር ሰው ዋነኛ ችግሩ ከምግብና ከዓሣው የሚተርፈው ቆሻሻ ነው። ይህ ቆሻሻ በናይትሬትና በፎስፌት መልክ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሰፊው ባሕር በስፋቱ ሊያቀልለው ይችላል፤ ጥቂት መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ ግን አቅሙ የለውም። ቀን በቀን በተከማቸ ቁጥር የማይፈለግ አልጌ በመስተዋቱና በኮራሉ ላይ ይንሰራፋል። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ሪፊዩጂየም፣ በአማርኛ መጠለያ ገንዳ ሊባል የሚችለው ነው። ይኸውም የዋናው ገንዳ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ የሚያልፍበት ሁለተኛ ገንዳ ሲሆን፣ በውስጡ አልጌ ታስቦበት እንዲበቅል ይደረጋል። አልጌው ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ወስዶ አካሉን ይገነባበታል። በመካከሉም ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ከዓሣ አፍ ተጠልለው ይራባሉ፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

አልጌን ለውሃ ማጽጃነት ማዋል እንዲታወቅ ካደረጉት ተመራማሪዎች አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም የሠሩት ዋልተር አዴይ ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ለአልጌ ማጣሪያ መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝተዋል። የእርሳቸው መሣሪያ አልጌውን በወንፊት መሰል ገጽ ላይ የሚያበቅል በመሆኑ በአሠራር ከመጠለያው ገንዳ ይለያል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ብርሃን ይሰጣል፣ አልጌ ያድጋል፣ ያደገው ታጭዶ ከውሃው ይወጣል።

በዚህ ሂደት የብርሃኑን ድርሻ በቁጥር ማየት ይቻላል። አትኪንሰንና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳተሙት፣ ከባሕር ወለል ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋት በአማካይ ግምት ለ1 የፎስፎረስ አቶም 30 የናይትሮጅንና 550 የካርቦን አቶሞች አሏቸው። አንዱን የካርቦን አቶም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር ለመለወጥ ደግሞ ቢያንስ 8 ፎቶኖች ያስፈልጋሉ። እንግዲህ አንድ የፎስፎረስ አቶም ከውሃው ለማውጣት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከ4,400 የማያንስ ፎቶን መከፈል አለበት ማለት ነው። የመጠለያው ገንዳ የማጽዳት አቅም ከብርሃኑ አቅም ሊበልጥ አይችልም።

አሁን ብርሃኑ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መብራት የሚገዛ ሰው በማሸጊያው ላይ የሚያነበው ሉመን የሚባለውን መለኪያ ነው። ሉመን ግን የሰው ዓይን ለየቀለማቱ ካለው የማየት ኃይል የተቀመረ ነው። 555 ናኖሜትር ላይ ያለ አረንጓዴ ብርሃን በአንድ ዋት 683 ሉመን ሲቆጠርለት፣ 660 ናኖሜትር ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ 42 ያህል፣ 450 ናኖሜትር ላይ ያለው ሰማያዊ ደግሞ 26 ያህል ብቻ ይቆጠርለታል። የአረንጓዴ አልጌ ክሎሮፊል በበኩሉ አብዝቶ የሚውጠው እነዚህን ቀይና ሰማያዊ ብርሃኖች ነው። ስለሆነም ለሰው ዓይን ደብዛዛ የሚመስለው መብራት ለአልጌው ሙሉ ማዕድ ሊሆን ይችላል፤ በሉመን ብዛት የተመረጠ መብራትም ጠባቂውን አስደስቶ አልጌውን ሊያስርብ ይችላል። ይህን ስንል አረንጓዴው ብርሃን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ማክሪ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 በሰብል ዕፅዋት ላይ ባወጡት ጥናት ዕፅዋት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን በሙሉ በየመጠኑ እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል።

ከቀዩና ከሰማያዊው የትኛው ይብዛ የሚለውንም ስሌት ይመልሰዋል። አንድ ዋት የ660 ናኖሜትር ብርሃን በሰከንድ 5.5 ማይክሮሞል ፎቶን ይይዛል፤ አንድ ዋት የ450 ናኖሜትር ብርሃን ግን 3.8 ያህል ብቻ ነው። አልጌው የሚጠቀመው በፎቶን ቁጥር እንጂ በዋት ስላልሆነ፣ የሥራው ሸክም በቀዩ ላይ ይጣላል፤ ሰማያዊው ለጤናማ እድገት ይጨመራል።

እንዲህ ያለውን ብርሃን ለይቶ ለመስጠት ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው ብርሃን አመንጪ ዳዮድ የተመቸ ነው። ኒክ ሆሎኒያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቀዩን ዳዮድ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ብሩህ ሰማያዊው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለምሳሌ የሚቀርበው መብራት 8 ቀይ፣ 2 ሰማያዊና 2 ነጭ፣ በድምሩ 12 ዳዮዶች አሉት። አሥሩ ለአልጌው ናቸው፤ ሁለቱ ነጮች ደግሞ በተለይ ለጠባቂው ዓይን የተጨመሩ ናቸው። በቀይና በሰማያዊ ብቻ በበራ ገንዳ ውስጥ አረንጓዴው አልጌ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ መገርጣቱንም ሆነ መበስበሱን በጊዜ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ዳዮዶቹ በሙሉ በአንድ መስመር፣ የአንዱ አሉታዊ ጫፍ ከሚቀጥለው አዎንታዊ ጫፍ ጋር እየተያያዘ፣ በተከታታይ ይቀጠላሉ። ምክንያቱም በዳዮድ ላይ ጥቂት የቮልቴጅ ጭማሪ ብዙ የከረንት ጭማሪ ያስከትላል፤ ዳዮዱ ሲሞቅም የሚፈልገው ቮልቴጅ እየቀነሰ በዚያው ቮልቴጅ ብዙ ከረንት ይስባል። ጎን ለጎን የተቀጠሉ መስመሮች ከሆኑ የሞቀው ይብሱን እየሳበ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። በተከታታይ ሲሆኑ ግን በሁሉም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ስለዚህ የኃይል ምንጩ ቮልቴጅን ሳይሆን ከረንትን ቋሚ አድርጎ የሚይዝ መሆን ይኖርበታል። ስሌቱም በ700 ሚሊአምፔር የሚከተለው ነው፦ ቀዩ ለእያንዳንዱ 2.3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ስምንቱ 18.4 ቮልት፣ ሰማያዊውና ነጩ ለእያንዳንዱ 3.1 ቮልት ያህል ስለሚፈልጉ አራቱ 12.4 ቮልት፣ በድምሩ 30.8 ቮልት ይሆናል። ይህ በ0.7 አምፔር ሲባዛ 21.6 ዋት ይመጣል። ከ24 እስከ 36 ቮልት የሚሰጥ የ700 ሚሊአምፔር ምንጭ ለዚህ ይበቃል። ምንጩ በርቶ ሳለ ዳዮዶቹን ማገናኘት ግን አይገባም፤ በውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ በቅጽበት ፈስሶ ሊያቃጥላቸው ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው። ዳዮድ እንደ አምፖል ሙቀቱን በጨረር ወደ ፊት አይረጭም፤ በጀርባው በኩል በብረት ካልተወሰደለት ራሱ ላይ ይቀራል። ከ21.6 ዋት ውስጥ 13 ዋቱ ሙቀት ይሆናል ብሎ ማስላት ይቻላል። ለያንዳንዱ ዋት 2 ዲግሪ የሚሞቅ ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ቢመረጥ፣ ከአካባቢው አየር 26 ዲግሪ ይበልጣል። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር 30 ዲግሪ ቢሆን አሉሚኒየሙ 56 ዲግሪ ይደርሳል። እያንዳንዱ ዳዮድ ከ1 ዋት ጥቂት የሚበልጥ ሙቀት ስላለው፣ ከአሉሚኒየሙ እስከ ዳዮዱ ልብ ድረስ በዋት 10 ዲግሪ ቢታሰብ 11 ዲግሪ ይጨመራል፤ ጠቅላላው 67 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ደኅና ነው። የቁም ሣጥኑ በር ተዘግቶ አየሩ 40 ዲግሪ ቢደርስ ግን ያው 10 ዲግሪ ሳይቀነስ ወደ ዳዮዱ ይተላለፋል። ሲሞቅ ከሰማያዊው ይልቅ ብርሃኑ ቶሎ የሚቀንሰው ቀዩ፣ ማለትም የሥራው ሸክም የተጣለበት፣ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳ የመብራቱ አካል ሆኖ መታሰብ አለበት።

የእጅ ሥራው ከባድ አይደለም። አሉሚኒየሙ በትራፓኖ ይበሳል፤ የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ይስተካከላል፤ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ዳዮዶቹ በትንንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎቻቸው ላይ እንዳሉ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በስሱ ተቀብቶላቸው በብሎን ይታሰራሉ፤ ሽቦዎቹም በካውያና በሊድ ይበየዳሉ። ኃይል ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ብየዳ ከአሉሚኒየሙ ጋር አለመነካካቱ በቴስተር ይፈተሻል።

ብዙ የቤት ሥራ መብራቶችን ለብልሽት የሚዳርጋቸው ጨው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የአየር አረፋ በፈነዳ ቁጥር ጠብታው ወደ ላይ ይረጫል፤ ውሃው ሲተንን ጨው ብቻ በብየዳው ላይ ይቀራል። ጨው አሉሚኒየምን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን እየበሳ ይቦረቡረዋል፤ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ብሎን በተነካኩበት ቦታ ደግሞ ጉዳቱ ይፋጠናል። ከሁሉ የከፋው መዳብ ነው። የዛገ የመዳብ ሽቦ ጠብታ ወደ ገንዳው ከወረደ፣ መጠለያው የተሠራላቸውን ደቃቅ ፍጥረታት ይገድላቸዋል፤ መዳብ ለሸርጣን ወገኖች በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ነውና። ስለዚህ ከዳዮዶቹ ፊት 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ ይደረጋል። ከብርሃኑ 92 በመቶ ያህሉን ስለሚያሳልፍ የሚቀነሰው ጥቂት ነው። ጠርዙ በሲሊኮን ሲታሸግ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተተው ዓይነት መወገድ አለበት፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡንና ብየዳውን ይበላል።

ስለ ሰው ደኅንነት የሚባለው አጭርና የማይሻር ነው፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ከተለመደው የቧንቧ ውሃ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ የኃይል ምንጩ መግቢያውና መውጫው በትራንስፎርመር የተለያዩ፣ መውጫውም ምንም ባልተቀጠለበት ጊዜ እንኳ ከ60 ቮልት የማይበልጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ውሃ በማይደርስበት ቦታ፣ ከገንዳው ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ በመስመሩም ላይ ተስማሚ ፊውዝ ይግባ፤ የአሉሚኒየሙ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ።

ሦስተኛ፣ ሶኬቱ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ከረንትን ለይቶ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ይኑረው። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ በ5 ሚሊአምፔር ገደማ፣ በብዙ ሌሎች አገሮች በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ነው።

አራተኛ፣ ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ስፒናው ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚሮጥ ጠብታ ከታችኛው ጥምዝ ላይ ይንጠባጠባል።

አምስተኛ፣ መብራቱ በሁለት ቦታ ይታሰር፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ከውሃው በላይ እንዲይዘው።

ከእነዚህ አንዱን ማሟላት ያልቻለ ሰው የተፈተነ የፋብሪካ መብራት ቢገዛ ይሻለዋል። በዚህ የሚያፍር መሐንዲስ ሊኖር አይገባም።

መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ ብዙዎች ዋናው ገንዳ በሚጨልምበት ሌሊት ያበሩታል። በጨለማ የገንዳው ነዋሪዎች የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል፤ በመጠለያው ውስጥ የሚሠራው አልጌ ግን ከዚሁ ጋዝ እየወሰደ የፒኤች መዋዠቁን ይቀንሳል። የመብራቱ ፍርድ ግን በድምቀቱ አይሰጥም፤ በየሳምንቱ በሚለካው ናይትሬትና ፎስፌት፣ እንዲሁም ታጭዶ በሚወጣው አልጌ ክብደት ይሰጣል። ያልታጨደ አልጌ ያልተጣለ ቆሻሻ ነው፤ ሲሞት የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል። በተለይ ኮለርፓ የሚባለው ወገን የመራቢያ ሕዋሳቱን በለቀቀ ጊዜ ያከማቸውን በአንድ ጊዜ ሊያፈስስ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎች እንደ ተጎነጎነ ክር የሚያድገውን ኬቶሞርፋ ይመርጣሉ።

የታጨደውንም ወደ ባሕር ወይም ወደ ወንዝ መጣል ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ኮለርፓ ታክሲፎልያ የተባለው አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ ዳርቻ ከታየ በኋላ በሜዲትራኒያን ባሕር ሰፊ ወለል ሸፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርንያ በሳን ዲዬጎ አካባቢ ሲገኝ ደግሞ መጥፋቱ የተረጋገጠው ከ6 ዓመት ትግል በኋላ በ2006 ነበር። ስለዚህ ታጭዶ የወጣው አልጌ ደርቆ ወይም በረዶ ሆኖ ከሞተ በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ማንኛውም ሥራ ሲጀመር ተጠቃሚው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሙያችን የመጀመሪያው ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ተጠቃሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሚያድገው አልጌ፣ በውስጡ የተጠለሉት ደቃቅ ፍጥረታትና እጁን ወደ ውሃው የሚያስገባው ሰው። ቀለሙና ከረንቱ ለመጀመሪያው፣ አክሪሊኩና የሽቦው አሸፋፈን ለሁለተኛው፣ ፊውዙና ከረንት ቆራጩ ለሦስተኛው ናቸው። ነገ ካውያውን የሚያነሣ ባልደረባ ዳዮድ ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ሦስቱን በወረቀት ላይ ጽፎ ለእያንዳንዳቸው ምን እንዳዘጋጀ ቢመረምር፣ ይህ ንግግር የታሰበለትን ዓላማ ፈጽሟል ማለት ነው።