አዲስ የሥራ ሐሳብ ከየት ይመጣል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የአንድ ዩኒየን ሀብት ሲቆጠር መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናው፣ የእህል ማበጠሪያው፣ በባንክ ያለው ገንዘብ ይቆጠራል። በሂሳብ መዝገብ የማይሠፍረው ሀብት የአባላቱ ጭንቅላት ነው። የሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይሁንና ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ይህን ያህል ቀለብ የሚበላ አካል ለንግድ ሥራ አዲስ ሐሳብ እንዲያፈልቅ ምን ይረዳዋል፣ ምንስ ያግደዋል የሚለው የዛሬው ንግግር ርእስ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ወሬ ከመንገድ ቢነሳ ይሻላል። በየሥልጠናው “የግራ አንጎል ሰው አስሊ፣ የቀኝ አንጎል ሰው ፈጣሪ” ሲባል ይሰማል። ሁለቱ የአንጎል ወገኖች የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው እውነት ነው፤ በዚህ ምርምሩ አሜሪካዊው ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ሰዎች ግን በግራና በቀኝ ተለይተው አይፈጠሩም። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያለ ክፍፍል አላገኙም። ስለዚህ አዲስ ሐሳብ የጥቂት የታደሉ ሰዎች ድርሻ ነው ብሎ አባሉን ወደ ጎን መተው ምክንያት የለውም።

አንጎልን የሚያስረው ይልቁንም ልማድ ነው። ካርል ዱንከር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰዎችን በአንድ እንቆቅልሽ ፈተነ። ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ ሚስማሮች የሞሉበት ሳጥን ሰጥቶ ሻማውን ግድግዳው ላይ አቁሙ አላቸው። ብዙዎች ሻማውን ራሱን በሚስማር ሊቸነክሩ ሞከሩ። መልሱ ሚስማሮቹን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ሳጥኑን ግድግዳው ላይ ቸንክሮ፣ ሻማውን በላዩ ማቆም ነበር። ሳጥኑ ባዶውን ሲሰጥ እንቆቅልሹን የሚፈታው ሰው በዛ። ሚስማር ሲሞላበት ግን የሚስማር መያዣ እንጂ ሌላ ነገር ሆኖ አልታይ አለ። ማዳበሪያ ለመሠረታዊ ማኅበራት አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪናም እንደዚሁ ነው። “የማዳበሪያ መኪና” ተብሏልና የመልስ ጉዞው ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል የሚያስብ የለም፤ ነዳጁ ግን ለመልሱም ይከፈላል።

በዚሁ እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1962 ሳም ግላክስበርግ የተባለ ተመራማሪ ፈጥኖ ለፈታ ገንዘብ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። ሳጥኑ ባዶውን በቀረበ ጊዜ ሽልማቱ ሰዎቹን አፈጠነ፤ ሚስማር በሞላበት ጊዜ ግን ሽልማት ያልተነገራቸው ቀደሙ። ለጆንያ መስፊያ ሽልማት ይሠራል፤ ለአዲስ ሐሳብ ግን ሽልማት ብቻውን መንገድ አይከፍትም።

በዚህ ረገድ ከማኅበራት ታሪክ የህንዱን የአናንድ ወተት አምራቾች ዩኒየን፣ ዛሬ አሙል በሚል ስም የሚታወቀውን፣ ማንሳት ይበቃል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ችግሩ እንዲህ ነበር፦ በብርዱ ወራት እንደ ላም የምትታለበው የቤት ጎሽ ወተቷ ይበዛል፣ የቦምቤይ ገበያ ግን ትርፉን አይወስድም። ገበሬው ለማኅበሩ አስረክቦ የማይሸጥ ወተት ይዞ ይቀራል። ወተቱን አድርቆ ዱቄት ማድረግ መፍትሔ ቢሆንም፣ የጎሽ ወተት ቅባቱ ስለሚበዛ ለዚያ አይሆንም የሚለው የውጭ ባለሙያዎች አስተያየት ነበር። የእነርሱ አገር የሚያውቀው የላም ወተት ነውና። የዩኒየኑ የወተት ባለሙያ ሃሪቻንድ ዳላያ ግን የቀለም መርጫ መሣሪያና የአየር ማሞቂያ አገጣጥሞ ሙከራ አደረገ፤ ወተቱም ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ1955 የዱቄት ወተት ፋብሪካው ተመረቀ። የቀለም መርጫ ለቀለም ብቻ ነው ያለ ሰው ይህን አያገኝም ነበር። ዳላያ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑም አይረሳ። ባዶ ጭንቅላት አዲስ ነገር አያገናኝም፤ የሚያገናኘው ዕቃ የለውምና።

አንጎል እነዚህን ነገሮች የሚያገናኘው እንዴት ነው? ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድ ሥራ ላይ ሳያተኩር ሐሳቡ ሲባዝን የሚበረታ የአንጎል መረብ አለ። ትኩረትንና ግምገማን የሚመራ ሌላ መረብም አለ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮጀር ቢቲና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ሐሳብ በማፍለቅ ፈተና የተሻለ ውጤት ያገኙት ሰዎች እነዚህ መረቦች በይበልጥ ተያይዘው የሚሠሩላቸው ናቸው። አንዱ ያመነጫል፣ ሌላው ያበጥራል።

ስብሰባ ግን ገና ሳይመነጭ ማበጠር የሚጀመርበት ቦታ ነው። ሰብሳቢው አስቀድሞ ይናገራል፣ ቀጥሎ ጽሕፈት ቤቱ ያብራራል፣ ከዚያ “ሐሳብ ያለው” ይባላል። ሌላው የተባለውን ይደግፋል። ሴቶቹና ወጣቶቹ ከኋላ ወንበር ሆነው ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 በየል ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት አራት ሰዎች በአንድነት ተሰብስበው ካመነጩት ይልቅ፣ አራት ሰዎች ለየብቻቸው አስበው የሰጡት ሐሳብ ሲደመር ሁለት እጥፍ ያህል ሆኗል። ሚካኤል ዲል እና ቮልፍጋንግ ሽትሮቤ እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን ምክንያቱን ሲመረምሩ ዋናው ተራ መጠበቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ሲናገር የራስ ሐሳብ ይጠፋል። እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው። ሰብሳቢው ከመናገሩ በፊት እያንዳንዱ ሐሳቡን በወረቀት ያስፍር፤ መጻፍ ለማይችለው ጸሐፊው ለብቻ ተቀብሎ ይጻፍለት። ስም ሳይጠራ ይነበብ። ግምገማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉም የሚከብደው የጊዜው ጉዳይ ነው። በህንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊትና በኋላ የአስተሳሰብ ፈተና ተሰጣቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ያው አንድ ሰው ከምርት በፊት፣ እጁ ባጠረ ጊዜ፣ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የዕዳና የቀለብ ሐሳብ የጭንቅላትን ቦታ ይይዛል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ከደመወዝ ቀን በፊትና በኋላ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኘም፤ ስለዚህ ነገሩ የተዘጋ አይደለም። የአንድ ወር ደመወዝ መጠበቅና የአንድ ዓመት ምርት መጠበቅ ግን አንድ እንዳልሆነ እዚህ የተቀመጠው ገበሬ ያውቀዋል።

ጎተራው በጎደለበት በሐምሌና በነሐሴ ጉባኤ ጠርቶ “ትርፉ ይከፋፈል ወይስ የዘር ማበጠሪያ ይገዛበት?” ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው። ገበሬው ይከፋፈል ቢል አይፈረድበትም፤ ልጆቹ ይበላሉ። ጥያቄው ግን በጥር ወይም በየካቲት፣ እህሉ ከተወቃ በኋላ ቢቀርብለት ማሽኑንም፣ ከማሽኑ የሚወጣውን ስባሪ ለመኖ መሸጥንም ሊያስብበት ይችላል። የስብሰባ ቀን መወሰን ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ መስሎ ይታያል፤ በአባሉ ገንዘብ ላይ የሚወሰነውን ውሳኔ ግን ሊለውጠው ይችላል። ጉባኤው በሌላ ወር የግድ መደረግ ካለበት እንኳን የትልቅ ግዢ አጀንዳ ብቻ ተለይቶ ለበጋው ሊቆይ ይችላል።

እንቅልፍም ከሥራ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀርመን ተመራማሪዎች የተደበቀ ደንብ ያለበት የቁጥር ጥያቄ ለሰዎች አቀረቡ። ጥያቄውን ከተለማመዱ በኋላ ተኝተው ካደሩት መካከል ደንቡን ያገኙት፣ ነቅተው ከቆዩት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበሩ። የአገር ሽማግሌ ነገር ሲጠናበት በቀጠሮ የሚያሳድረው ያለ ብልሃት አይደለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ትልልቅ ውሳኔዎች በጭብጨባ ማሳለፍ ግን በየማኅበሩ እየተለመደ ነው።

ሁለት ቀን መሰብሰብ ውሎ አበል ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ወጪው የሚቀርበት መንገድም አለ። አጀንዳው ከነዋጋው ከ15 ቀን በፊት ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ይላክ፣ በየቀበሌው በእሑድ ይነገር፣ አባሉ እያረሰም እየተጓዘም ያስብበት፣ ተወካዩም የአባላቱን ሐሳብ በጽሑፍ ይዞ ወደ ጉባኤው ይምጣ።