ዳርና ዳር ሆኖ ስለ መሥራት



በሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ለሚወርድ ሰው «ሰባራ ድልድይ» እንግዳ አይደለም። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለ ተቆረጠ፣ የጎጃምና የጎንደር ሰው ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካለት። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ገመዱ ነው። በዚህ ዳር ያለው የሚለቅበትን፣ በዚያ ዳር ያለው የሚስብበትን ጊዜ አስቀድመው ካልተስማሙ መንገደኛው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በሶፍትዌር ሥራም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ቅድሚያ ይሰጣል። ሰባት ስምንት ሰዎች በአንድ ክፍል ሲሠሩ የጠዋቱ የቁም ስብሰባና የግድግዳው ሰሌዳ በእርግጥ ይበቃቸዋል። ቡድኖቹ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ስፕሪንቱን በድል ይጨርስና ሥራው ሲገጣጠም አይገጥምም። የስክረም ሦስቱ አርቲፋክቶች፣ ማለትም የምርቱ የሥራ ዝርዝር፣ የስፕሪንቱ ዝርዝርና የተጠናቀቀው ክፍል፣ ምን እንደሚሠራ ይናገራሉ እንጂ ሁለት ቡድኖች በምን እንደሚገናኙ አይነግሩንም።

በአገራችን ለዚህ ከቀን አቆጣጠር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንዱ ቡድን የሕፃኑን ልደት 02/05/2012 ብሎ ይልካል፤ ጥር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለቱ ነው። ተቀባዩ ሜይ 2 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነብበዋል። የሁለቱም ሙከራ አልፏል፤ ሕፃኑ ግን በመዝገቡ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ አርጅቷል፤ ክትባቱም ያለፈበት ይመስላል። የጳጉሜን ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ 13ኛ ወር የሌለው ሥርዓት ወዲያው እምቢ ስለሚል ስሕተቱ ይታያል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የታዘዘ መድኃኒት በሌላው ዘንድ ሌሊት ይሆናል።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የመረጃው ስም፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የሰዓቱ አነባበብ፣ አንድ ምሳሌ ከነትክክለኛ ትርጓሜው ይጻፍበት፤ ምሳሌውም ኮዱ በተለወጠ ቁጥር በሁለቱም ወገን በሙከራነት ይሂድ። ውድ የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ገዝቶ መግባባትንም አብሮ የገዛ የሚመስለው አለቃ ጥቂት አይደለም። ገጹን ማን ይያዘው ለሚለው፣ እኔ የምመርጠው መረጃውን የሚቀበለውን ቡድን ነው፤ የተሳሳተው ቀን መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነውና።