አፈ ጉባኤና የጉባኤ ሥርዐት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ጉባኤ ሲመካከር ሰብሳቢው ስላለበት ኀላፊነት ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት አልሸሽግም።

ባለፈው ዓመት በክርክር ክበባችን ሰብሳቢ ነበርሁ። «ለአገር የበለጠ የሚጠቅም ገበሬ ነውን ወይስ ነጋዴ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ሳለ፣ ወዳጄ ጊዜው ካለቀ በኋላ እንዲናገር ፈቀድሁለት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አንሥታ ሳለች አይቼ አለፍኋት። ወዲያው አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ ጠረጴዛ ብመታ የሚሰማኝ አጣሁ። ያን ጊዜ ተማሪዎቹን ወቀስሁ፤ ቈይቼ ሳስበው ግን ጩኸቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አፈ ጉባኤ» ማለት የጉባኤ አፍ ማለት ነው። ቀድሞ ስለ ንጉሡ ሆኖ ይፈርድ የነበረው ታላቅ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። አፈ ጉባኤም እንዲሁ የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጉባኤው ነው። እ.ኤ.አ. በ1642 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ አምስት እንደራሴዎችን ሊይዝ ምክር ቤት ገብቶ የት እንዳሉ ቢጠይቅ፣ አፈ ጉባኤው ዊልያም ሌንታል ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይበት ዐይንም የሚናገርበት አንደበትም እንደሌለው ነገረው።

በአገራችን የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ፤ ሕዝብ ግን እንደራሴዎቹን መምረጥ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ያ ፓርላማ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተበተነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያቋቋመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤውን ራሱ ይመርጣል። በ2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የዚህ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ።

ሥራውም ብዙ ነው፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘታቸውን ማረጋገጥ፣ ተራ መስጠት፣ ጊዜ መጠበቅ፣ ከርእስ የወጣውን መመለስ፣ ስድብን መከልከል፣ ድምፅ አስቈጥሮ ውጤቱን መንገር ነው። ተናጋሪው «አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ» ብሎ መጀመሩ ለክብር ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከባላጋራው ወደ ሰብሳቢው ሲዞር ቍጣው ይበርዳልና።

ነገር ግን ጸጥታ ሁሉ ሥርዐት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም አላገኘም። ሁሉ በአንድ ቃል በሚናገርበት ቤት ሥርዐት ማስከበር ቀላል ነው። የአፈ ጉባኤ ፍትሕ የሚፈተነው ብቻውን የቆመው ሰው እጁን ሲያነሣ ነው።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው አበጋር ፊት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀርባል። የሚታመነውም ወደ አንዱ ወገን ስለማያዘነብል ነው እንጂ ጦር ስላለው አይደለም።

ያችን ተማሪ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ እርሷም «ግድ የለም» ብላኛለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በክርክር ላይ እጇን ስታነሣ አላየሁም። ከእኔ በኋላ በዚያ ወንበር የምትቀመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ጠረጴዛ ከመምታታችሁ በፊት ያለፋችሁት እጅ እንዳለ ተመልከቱ።