«ለቀባሪ ማርዳት ይብቃን!»

(የቀድሞ ሠራዊት አባላት የሚረዳዱበት አንድ እድር ባካሄደው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና እህቶች፣ ጓዶች!

«ጓድ» ስል እንዳትደነግጡ። የምሽጉን ጓድ እንጂ የደርጉን ጓድ ማለቴ አይደለም። (ሳቅ)

ዛሬ ስለ ጡረታ አበል አላወራም። እሱንማ በየወሩ ስንሰለፍ እናወራዋለን። የማወራው ስለ መጨረሻው ሰልፋችን፣ ስለ ቀብራችን ነው። «ለቀባሪው አረዱት» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን ከማርዳትም አልፈን ቀባሪውን «እንዲህ አድርገህ ቅበር» ማለት ጀምረናል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥቂት ዓመታት ሆነው፤ በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ አብሮኝ የነበረ አንድ ሃምሳ አለቃ ሞተ። ሙስሊም ነው። ሌሊት አረፈ፤ ቤተሰቡ በማለዳ አጥቦ ከፍኖ ጨረሰ። የቀረው ሰግዶበት መቅበር ነው። እኛ ምን አደረግን? «የክብር እንግዳ ይመጣሉ፣ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ማርሽ ባንድ ተጠርቷል፤ ይጠበቅ!» አልን። ጀናዛው ሁለት ሰዓት ቆየ። እንግዳውም አልመጡም። የበኩር ልጁ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አባቴ ‹ሳታቆዩ ቅበሩኝ› ነበር ያለው። እናንተን አክብሬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። «ይጠበቅ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። የጓደኛዬን የመጨረሻ ቃል ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። ጴንጤ ሆኖ የሞተውን ጓዳችንን «ያለ ፍትሐት እንዴት ይሆናል?» ብለን ሚስቱን ያስጨነቅን አለን። በተገላቢጦሽ ደግሞ ካህናቱ ፍትሐት ላይ ሳሉ «ንግግር አለ፤ ያሳጥሩልን» ያልን አለን።

ወገኖቼ፣ ቀብር መቀማት ምን እንደሆነ ይህች አገር ጠንቅቃ ታውቃለች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምን ጨምሮ ስልሳ ያህል ሰዎች ሲገደሉ፣ ቤተሰብ አልቅሶ አልቀበራቸውም። አፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን እናት ለልጇ ማልቀስ ተከልክላለች፤ የጥይት ዋጋ ክፈዪ ተብላለች። በቅርቡስ? የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ፣ የትግራይ እናቶች የታጋይ ልጆቻቸውን መርዶ በይፋ የሰሙት አንድ ዓመት ያህል ጠብቀው፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ!

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሂዩስተን ባለው ብሔራዊ የወታደሮች መቃብር፣ የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች በቀብር ላይ የእግዚአብሔርንና የኢየሱስን ስም መጥራት ይከለክላሉ፣ ጸሎቱን አስቀድማችሁ አሳዩን ይላሉ ተብሎ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በ2003 ዓ.ም. ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱ አልከለከልኩም ብሎ ተከራከረ። በ2004 ዓ.ም. በስምምነት ሲያልቅ፣ የጸሎቱ ነገር የቤተሰብ ፈቃድ ነው ተባለ። ከዚያ በፊትም፣ አፍጋኒስታን ላይ የተገደለ አንድ ወታደር እምነቱ ዊካ የሚባል ጥቂት ተከታይ ያለው ሆኖ፣ ምልክቱ በመቃብሩ ላይ አይቀረጽም ተብሎ ነበር። ሚስቱና ሌሎች ተሟግተው በ1999 ዓ.ም. ተፈቀደ። ልብ በሉ! መብቱ ለብዙኃኑም ለጥቂቱም እኩል ነው የሠራው።

«ሠራዊት የሁሉም ነው፤ ሃይማኖት አታስገቡበት» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ምሽግ ውስጥ ማንም ማንን እምነቱን አልጠየቀም። ግን ጥይት ሲያፏጭ አንዱ «ድንግል ማርያም!» ሌላው «ያ አላህ!» ሲል ማንም አልከለከለም። ያኔ ያልተከለከለ ሰው ሬሳ ሲሆን ይከልከል? «አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» እንል የለም እንዴ? የግል ከሆነ ለባለቤቱ እንተውለት።

ሰንደቅ ዓላማውም ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 ኮከቡ የሌለበትን አይፈቅድም። ሽማግሌ ወታደር «የዘመትኩበትን ልሙጡን አልብሱኝ» ብሎ ቢናዘዝ፣ ልጆቹን በለቅሶ ቀን ከፖሊስ ጋር ማፋጠጥ ምን ይሉታል? ሕግ አውጪዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ለእኛ ለራሳችን ግን ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በቁማችን ፈቃዳችንን ጽፈን በእድሩ መዝገብ እናስቀምጥ፤ ማን ይጸልይ፣ የት ልቀበር፣ ባንድ ይምጣ አይምጣ። ሁለተኛ፣ ያልጻፈ ከሞተ ሚስቱና ልጆቹ ይጠየቁ፤ እድሩ አይዘዝ። ሦስተኛ፣ የክብር እንግዳ ከዘገየ ቀብሩ አይጠብቅ፤ እንግዳው ለቅሶ ይድረስ።

እኛ ድንኳን እንትከል፣ ወንበር እንደርድር፣ ቃሬዛ እንሸከም። የቀረውን ለባለቤቱ እንተው።